ከጥድም ጥድ አለ

ባለፈው ክረምት ኮምቦልቻ ያለው የእናቴ ቤት የጓዳው ግድግዳ ወደ ውጭ መዝመም ጀመረ። ቤቱ አያቴ በጃንሆይ ዘመን የሠራው የጭቃ ቤት ነው። ልስኑ ስንት ጊዜ ታድሷል፣ የሣር ክዳኑ በቆርቆሮ ተተክቷል፣ ቋሚዎቹ ግን ያኔ እንደተተከሉ ናቸው። አናጢው የዘመመውን ጎን ጭቃ ሲያራግፉ ሁለት ቋሚዎች ጎን ለጎን ብቅ አሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እነዚያ ሁለት እንጨቶች ከሐሳቤ አልወጡም።

ሁለቱም ጥድ ናቸው። አያቴ በአንድ ሰሞን አስመጥቶ እንደተከላቸው እናቴ ከአባቷ አፍ ሰምታለች። አንደኛውን ግን ከመሬት እስከ ጉልበት ድረስ ምስጥ ጨርሶታል፤ በጣት ሲነኩት ይፈረፈራል። ሌላው ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ቆሞ፣ የምሳር ጀርባ ሲያርፍበት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። ምስጡ በዚህኛው ላይ የአፈር መተላለፊያውን ሠርቶ ወደ ላይ ወጥቷል፣ ከበላዩ ያለውን ማገር በልቷል፣ ቋሚውን ግን ትቶታል።

ወሎ ውስጥ ያደገ ሰው ጥድን ምስጥ አይበላውም ሲባል እየሰማ ነው የሚያድገው። ታዲያ ይህንን ምን በላው? እናቴ "ዕድል ነው" አለች። አንድ ጎረቤታችን እንጨቱ ጨረቃ ሳለች ተቆርጦ ይሆናል አሉ። እኔ በሁለቱም መልስ አልረካሁም። አፈሩ አንድ፣ ዝናቡ አንድ፣ የዛፉ ዓይነት አንድ ሆኖ ሳለ አንዱ ዱቄት ሲሆን ሌላው ገና ሌላ ቤት መሸከም የሚችልበት ምክንያት ሊኖር ይገባል።

ፍልጥና ድቡልቡል

አናጢው ከእናቴ በዕድሜ የሚበልጡ፣ አብዛኛውን ዘመናቸውን ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ በእንጨት ሥራ ያሳለፉ ሰው ናቸው። እናቴ ግድግዳውን እያየች ስትጨነቅ "አብሽሪ እህቴ፣ ቤቱ አይወድቅም" አሏት። ከዚያ ሁለቱን ቋሚዎች ነቅለው ደጅ ላይ አጋደሟቸውና ከእያንዳንዱ፣ ምስጥ ካልደረሰበት ከላይኛው ክፍል፣ በእጅ መጋዝ አንዳንድ ቁራጭ ቆረጡ። ቁራጮቹን አጠገብ ለአጠገብ ድንጋይ ላይ አስቀምጠው "አሁን እይ" አሉኝ።

ምስጥ የበላው እንጨት ድቡልቡል ነው። ቁራጩ ከዳር እስከ ዳር ወተት የመሰለ ነጭ ሆኖ መሃሉ ላይ ብቻ ከሃምሳ ሳንቲም የማትበልጥ ቀይ ነጥብ አለችው። ክብ መስመሮቹ ሰፋ ሰፋ ያሉ ናቸው። ሌላው ከላይ ሲያዩት ሽበት ቢመስልም ሲቆረጥ ውስጡ ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ ቀይ ነው፤ ነጭ የሚባል ነገር የለውም ማለት ይቻላል። መስመሮቹም ክብ አይደሉም። የትልቅ ክብ ቁራጭ እንደሆኑ የሚያስታውቁ፣ በፀጉር ልዩነት የተደራረቡ ቅስቶች ናቸው። የመጋዙ ዱቄት ገና መሬት ሳይደርስ ሽታው አፍንጫዬን ሞላው፤ አዲስ የተቀረጸ እርሳስ ሽታ ነበር።

"ይህ ፍልጥ ነው" አሉ አናጢው በጣታቸው ጎኑን እየዳሰሱ። "ትልቅ ዛፍ ተጋድሞ፣ በሽብልቅ ተሰንጥቆ የወጣ ነው። ያኛው ግን በልጅነቱ የተቆረጠ ነው። ልጄ፣ ምስጥ የማይበላው ቀዩን እንጂ ነጩን አይደለም። ነጩንማ እንደማንኛውም እንጨት ይበላዋል።"

ይህን ከተናገሩ በኋላ ወደ ሥራቸው ተመለሱ። እኔ ግን ሁለቱን ቁራጮች ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ለካ "ጥድ ምስጥ አይበላውም" የሚባለው አባባል ግማሹ ብቻ ነው ለእኛ የደረሰን። ያረጀ ጥድ፣ ያውም ያረጀው ጥድ ውስጡ ማለት ነበረበት። የቀድሞ ሰዎች ይህን መናገር አላስፈለጋቸውም ይሆናል፤ በዘመናቸው ደኑ ቅርብ ነበር፣ ሰፊ ግንድ ጥሎ መሰንጠቅ የተለመደ ነበር፣ ቤት የገባው ጥድ በአብዛኛው ቀይ ነበር። ዛፉ እያነሰ እንጨቱ እየቀጠነ ሲሄድ አባባሉ ሳይለወጥ ቀጠለ፤ ይገልጸው የነበረው እንጨት ግን ከገበያ ወጣ።

ቀዩ ከየት ይመጣል?

ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብሁ፣ የሚያውቁትንም ጠየቅሁ። ነገሩ እንዲህ ነው። ዛፍ ውኃ የሚያመላልሰው በግንዱ ውጫዊ ክፍል ነው። ያ ክፍል ሕይወት አለው፤ ስታርችና ስኳርም ያከማቻል። ነጩ እንጨት ይህ ነው። ለዛፉ የሚጠቅመው ምግብ ለምስጥና ለሻጋታም ምግብ ነው። ግንዱ በየዓመቱ በውጭ በኩል እየወፈረ ሲሄድ ከውስጥ ያሉት ክፍሎች ውኃ ማመላለሳቸውን ያቆማሉ፣ ሕዋሳቱም ይሞታሉ። ከመሞታቸው በፊት ግን ያከማቹትን ምግብ ወደ ሌላ ነገር ይለውጡታል። በጥድ ውስጥ ያ ነገር መዓዛ ያለው ዘይትና ቀለም ያላቸው ሌሎች ንጥረ ነገሮች ናቸው፤ ሴድሮል የሚባለው ንጥረ ነገር አንዱ ነው። ቀዩን ቀለም፣ የእርሳሱን ሽታ፣ ምስጡ አፉን የሚመልስበትን ምክንያት፣ ሁሉንም ያገኘነው ከዚያ ነው። ዘይቱ ከላይኛው ፊት በዓመታት ውስጥ ይተንናል፣ እንጨቱም ግራጫ ይሆናል። አንዴ በመላጊያ ሲገፉት ግን ሽታው ከሥር እንዳለ ይታወቃል። የአያቴ ቋሚ ከስንት ዘመን በኋላ ያን ያህል የሸተተው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያምታታውን አንድ ነገር ማንሳት አለብኝ። የእንጨት ባለሙያዎች ዛፎችን ጠንካራና ለስላሳ ብለው በሁለት ይከፍላሉ። ክፍፍሉ በዛፉ ዘር እንጂ በጥንካሬው አይደለም፤ ጥድና ዝግባ ከለስላሳዎቹ ወገን ናቸው፣ ባሕር ዛፍ፣ ወይራና ዋንዛ ከጠንካራዎቹ። በአየር የደረቀ ጥድ በሜትር ኩብ ከ500 እስከ 600 ኪሎ ግራም አካባቢ ይመዝናል፤ ወይራ የዚህን እጥፍ ይጠጋል። ነገር ግን መክበድና መሰንበት የተለያዩ ናቸው። ጠንካራ የሚባለው ባሕር ዛፍ ሳይነከር ኮምቦልቻ አፈር ውስጥ ቢተከል ምስጡ ብዙ ጊዜ አይሰጠውም፤ የኤሌክትሪክ ምሰሶ የሚሆነው ባሕር ዛፍ በኬሚካል የሚነከረው በከንቱ አይደለም። ለስላሳ መሆንም ብቻውን አያሰነብትም። በአገራችን በተፈጥሮ ከሚበቅሉት ትልልቅ የለስላሳ እንጨት ዛፎች ሁለተኛው ዝግባ ነው። ዝግባ ልስልስ ያለ፣ ብጫ፣ ለዕቃ ሥራ የተመቸ ሆኖ ሳለ ከአፈር ጋር ሲገናኝ ይበሰብሳል፤ ውስጡና ውጩ በቀለም አይለይም፣ ሽታም የለውም። ሁለቱን ዛፎች የለየው ቀዩ ክፍል ነው።

ቀዩም ቢሆን ጠላት የለውም ማለት አይደለም። ፓይሮፎመስ ዴሚዶፊ የሚባል እንጉዳይ ቆሞ ያለ ሕያው ጥድ ውስጥ ገብቶ ልቡን ይበላል። ከግንዱ ጎን እንደ ኮፍያ ጠርዝ ተለጥፎ የሚታየው ጠንካራ እንጉዳይ እርሱ ነው። ምስጥም ሻጋታም ያልደፈሩትን እንጨት፣ ያውም በቁሙ፣ ይህ እንጉዳይ ባዶ ያደርገዋል። የደብር አጥር ውስጥ ያሉ አሮጌ ጥዶችን ቀና ብላችሁ እዩ፤ ውስጣቸው ባዶ የሆነ ብዙ ናቸው።

መላጊያው ሥር

አናጢው ደህናውን ቋሚ መልሰው መሬት ውስጥ ሊቀብሩት አልፈለጉም። ግድግዳውን በድንጋይ መሠረት ላይ አንሥተው ሌላ እንጨት አቆሙና ከቀዩ የጓዳውን በር መቃን ለመሥራት ወሰኑ። እኔም ደሴ ወዳለው ሥራዬ ከመመለሴ በፊት አጠገባቸው ተቀምጬ አየሁ።

መጀመሪያ ጣውላ መሰንጠቂያ ቤት ወስደነው ነበር። ባለቤቱ እንጨቱን አገላብጦ አየና አልቀበልም አለ፤ አሮጌ እንጨት ውስጥ የተቀበረ ሚስማር የመጋዙን ጥርስ ይሰብርበታል። እውነቱን ነው። አናጢው ሚስማሮቹን አንድ በአንድ ፈልገው ነቀሉ። የተሰበሩትንና ጭንቅላት የሌላቸውን ዙሪያቸውን በመሮ እየቆፈሩ አወጡ። ይህ ከመሰንጠቁ ይበልጥ ጊዜ ወሰደ። ሊያግዝ የመጣው ወንድሜ "ይበቃል፣ ይሰንጠቅ" ሲል "የቸኮለ አፍሶ ለቀመ" ብለውት ቀጠሉ።

ከዚያ በኋላ እንጨቱ ራሱን ሰጠ። ጥድ ቅንጣቱ ደቃቅ፣ መስመሩ ቀጥ ያለ ስለሆነ ስለታም መላጊያ ካገኘ ፊቱ ያለ ብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል። በየትኛውም አቅጣጫ ቢቀርጹት ስለማይሰነጠር ነው በቅኝ ግዛት ዘመን ከኬንያ ደኖች እየተጫነ ለእርሳስ ፋብሪካዎች ይሄድ የነበረው። ሙጫ በመላጊያው ምላጭ ላይ አይጣበቅም። ሲደርቅ ብዙ ስለማይኮማተርም በር ከመቃኑ ጋር አይጣላም።

አመሉም አብሮት አለ። ጫፍ አካባቢ ሚስማር በቀጥታ ከመቱበት ከዳር እስከ ዳር ይሰነጠቃል፤ አናጢው ለእያንዳንዱ ሚስማር አስቀድመው በመሰርሰሪያ ቀዳዳ አበጁ። እርጥብ ጥድ ፀሐይ ላይ ከተጣለ ጫፉ ይተረተራል፤ ጥላ ውስጥ ተደርድሮ፣ በጣውላዎቹ መካከል ቀጫጭን እንጨት ገብቶ አየር እንዲያልፍ ተደርጎ፣ ጫፉ ቀለም ተቀብቶ በቀስታ ነው የሚደርቀው። የአያቴ ቋሚ ይህን ሥራ ግድግዳ ውስጥ ሆኖ ጨርሶታል። ሌላው ችግር የግንዱ ቅርጽ ነው። ያረጀ ጥድ ግንዱ ሸለቆ ሸለቆ እየሠራ ስለሚያድግ ሰፊ ጣውላ አይገኝበትም፤ ቅርንጫፍ የነበረበት ጉጥም ምላጭ ያደናቅፋል። ስለዚህ ለመቃን፣ ለመስኮት፣ ለሳጥን እንጂ ለሰፊ ጠረጴዛ አይታሰብም። ለልብስ ሳጥን ከሆነ ደግሞ ከውጭ እንጂ ከውስጥ ቫርኒሽ አይቀባም፤ ብል የሚያርቀው ሽታው ነውና።

ከሁሉም ይበልጥ ያስገረመኝ አናጢው ቁርጥራጮቹን የለዩበት መንገድ ነው። ዳር ላይ ነጭ ያለበት ቁራጭ ሲያገኙ ለውስጥ መደርደሪያ ወደ አንድ ጎን፣ ጥርት ያለውን ቀይ ከጉበኑ በታች ወደሚውለው፣ ዝናብ ወደሚያገኘው ጎን አደረጉ። ከእንጨት መርጦ ለታቦት፣ ከሰው መርጦ ለሹመት ይባላል። እርሳቸው ከአንዱ እንጨት ውስጥ እንኳ ለዝናብ የሚሆነውንና ለቤት የሚሆነውን ይመርጣሉ።

ገበያው ላይ ያለው

ደሴ ከተመለስሁ በኋላ የእንጨት መሸጫዎችን መጠየቅ ጀመርሁ። "ጥድ አላችሁ?" ስል ሁሉም አዎ ይላሉ። የሚያሳዩኝ ግን ከሞላ ጎደል የፈረንጅ ጥድ ነው። ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ የመጣ፣ ቶሎ የሚያድግ፣ በየተከላ ደኑ የምናየው ዛፍ። ቅጠላቸው ስለሚመሳሰል ቆመው ሳሉ የሚለያቸው ፍሬያቸው ነው። የሐበሻው ጥድ ፍሬ ጥቃቅን፣ ለስላሳ፣ ሲበስል ወደ ጥቁር ሰማያዊ የሚያደላና ወፎች የሚለቅሙት ሲሆን የሚገኘውም ሴቴዋ ዛፍ ላይ ብቻ ነው። የፈረንጁ ፍሬ ደረቅ እንጨት ነው፤ ተሰነጣጥቆ ይከፈታል። ተሰንጥቆ ጣውላ ሲሆን ደግሞ የፈረንጁ ፈዛዛ ብጫ ነው፣ ሽታውም ቀላል።

የፈረንጅ ጥድን አልጠላም። ለኮርኒስ፣ ለቁም ሣጥን፣ ለቤት ውስጥ ዕቃ ደህና እንጨት ነው፣ በቶሎ መድረሱም የተፈጥሮውን ደን ከምሳር ያሳርፋል። ባሕር ዛፍም በ1887 ዓ.ም. አካባቢ ወደ አገራችን ሲገባ ያደረገው ይህንኑ ነው፤ የማገዶና የቤት እንጨት ረሀብን አስታገሰ። የሚያስቆጣኝ አንዱ በሌላው ስም መሸጡ ነው። ገዢው "ጥድ ነው" ተብሎ አጥር ይተክላል፣ በጥቂት ዓመት ውስጥ ይወድቅበታል፣ ከዚያ "ጥድ እንኳ እንደ ድሮው አይደለም" ብሎ ብሎኬት ይገዛል። ጥድ እንደ ድሮው ነው። ያልተገኘው ድሮ ጥድ የተባለው እንጨት ነው።

የሐበሻውን ጥድ መቁረጥ ደግሞ ሕግ ይገድበዋል፤ ልክም ነው። አዋጅ ቁጥር 94/1986 ከመንግሥትና ከክልል ደኖች እንዳይቆረጡ በስም የለያቸው አራት ዛፎች ኮሶ፣ ዋንዛ፣ ዝግባና ጥድ ነበሩ። በ1983 የመንግሥት ለውጥ ሰሞን በየአካባቢው ደን እንዴት እንደተጨፈጨፈ የሚያስታውስ ሰው አዋጁ ለምን እንደመጣ አይጠፋውም። ከኮምቦልቻ ቀና ሲሉ የሚታየው የጎፍ ተራራ ላይ ዛሬም የሐበሻ ጥድና የተተከለ የፈረንጅ ጥድ አብረው አሉ። የሐበሻው ጥድ ለጣውላ እስኪደርስ የሰው ዕድሜ ሊያልቅ ይችላል። ዛሬ የሚተከል ችግኝ ቀይ ልቡን የሚያሳየው ለልጅ ልጅ ነው። ይህን ሳስብ ተስፋ አልቆርጥም፤ አያቴም የሰነጠቀውን ዛፍ አልተከለውም።

የፈረሰ ቤት እንጨት

ታዲያ ቀዩ ጥድ አሁን የት ነው? በየግድግዳችን ውስጥ ነው። ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ አሮጌ የጭቃ ቤት ሲፈርስ የሚወጣው ቋሚ፣ ምሰሶና ጉበን የዛሬ ደን የማይሰጠን እንጨት ነው። እኛ ቤት ግድግዳው በፈረሰ ሰሞን አንድ ማገዶ ነጋዴ መጥቶ የተከመረውን ሁሉ ባንድነት በሸክም ሒሳብ ሊወስድ ነበር። እናቴም "ያረጀ እንጨት ምን ያደርጋል፣ ይውሰድልን" ብላ ነበር። የመቃኑን ቀይ ፊት ባየች ጊዜ ግን "አባቴ ይህን ነበር እንዴ የቀበረው?" አለችና የቀሩትን ወደ ዕቃ ቤት አስገባቻቸው። ያን ንግግሯን መቼም አልረሳውም።

ሁሉም እንጨት ይቀመጥ አልልም። ነጩ፣ ምስጥ የጀመረው፣ መሃሉ ባዶ የሆነው ለማገዶ ይሂድ። ነገር ግን ሳይታይ አይሂድ። ቤት የምታፈርሱ ከሆነ ከእያንዳንዱ ቋሚ የሥሩን ጫፍ አራት ጣት ያህል ቁረጡና እዩ፣ አሽቱትም። ቋሚ ሁልጊዜ ቶሎ የሚጎዳው አፈሩ ፊት ላይ፣ እርጥበትና አየር በሚገናኙበት ቦታ ነው፤ ያ ክፍል ቢጠፋ እንኳ ከዚያ በላይ ያለው ደህና ሊሆን ይችላል። ቀይ ከሆነ ሚስማሩን ንቀሉለት፣ ከመሬት አንሥታችሁ ዝናብ በማያገኘው ቦታ ደርድሩት፣ ለአናጢም አሳዩት። አዲስ ቀጭን ጥድ ገዝታችሁ የምትተክሉ ከሆነ ደግሞ ስሙን አትመኑ። ቀዩ ምን ያህል እንደሆነ ጫፉን ተመልከቱ፣ ነጭ ብቻ ከሆነ ከአፈር አርቃችሁ በድንጋይ ወይም በሲሚንቶ መሠረት ላይ አቁሙት። የተቃጠለ ዘይት መቀባት ጊዜ ይገዛል እንጂ ነጩን ቀይ አያደርገውም።

የጣራውን እንጨትም አትርሱ። ጭስ ያጠቆረው ወራጅ ከሥር ምን እንደሆነ ሳይፋቅ አይታወቅም፤ የእኛ ጓዳ ወራጆች ገና አልተፋቁም፣ አናጢው ከጥምቀት በኋላ እንመለስባቸዋለን ብለዋል።